ያውቁ ኖሯል? ሃርሞኒካም ይቃኛል

ያውቁ ኖሯል? ባለ 10 ቀዳዳው ተራ ሃርሞኒካ በውስጡ 20 የናስ ምላሶች አሉት። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሁለት ይደርሱታል፤ አንዱ ሲነፉ፣ ሌላው ሲስቡ ይጮኻል። ምላሶቹ አንድ ጫፋቸው በሪቬት ከናስ ሰሌዳ ጋር ተጣብቆ፣ ሌላው ጫፋቸው ነፃ ሆኖ፣ በልካቸው በተቆረጠ ስንጥቅ ላይ ይተኛሉ። ሰሌዳዎቹ ሁለት ናቸው፤ የላይና የታች። በመካከላቸው ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፣ አየሩን ለየቀዳዳው የሚያከፋፍል ጥርሳም አካል አለ። ከላይና ከታች ደግሞ ሁለት የብረት ክዳኖች ይለብሳል። ሃርሞኒካ ማለት ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ተፈትቶ የማይገጠምበት ምክንያት የለም።

ያውቁ ኖሯል? «አንድ ድምፁ ሞተ» ተብለው የሚጣሉት ሃርሞኒካዎች ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም። በምላሱና በስንጥቁ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ አንዲት የፀጉር ዘለላ፣ የኪስ ብናኝ ወይም የብስኩት ፍርፋሪ ምላሱን ቀጥ አድርጋ ልታቆመው ትችላለች። ቆሎ ቆርጥመው አፍዎን ሳይጉመጠመጡ ሃርሞኒካ አያንሱ። ድምፁ ከጠፋ ደግሞ ሞረድ ከማንሳትዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው ሰሌዳውን ወደ ብርሃን አቅንተው ይዩ። ጥፋተኛዋ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተጋድማ ትገኛለች።

ያውቁ ኖሯል? ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአንድ ሲኒ ሳህን ላይ ይሞላል፤ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ስቴኪኒ፣ ወረንጦ፣ ደቃቅ ሞረድ፣ ጠንከር ያለ ስስ ወረቀት፣ ስልክ ላይ የሚጫን ቲዩነር። አጉሊ መነጽር ካለ ዓይንን ያሳርፋል። የቲዩነር አፕሊኬሽኖች በነፃም ይገኛሉ።

አከፋፈቱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ሆነር የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1896 ያወጣው ማሪን ባንድ የሚባለው ሃርሞኒካ በጥንታዊው አሠራሩ የተያያዘው በብሎን ሳይሆን በጥቃቅን ምስማር ነው። እሱን የሚከፍት ሰው ስስ ቢላዋ በክዳኑና በሰሌዳው መካከል አስገብቶ ከዳር ወደ ዳር ቀስ እያለ ማላቀቅ አለበት፤ በአንድ ወገን ብቻ ከጎተተ ክዳኑ ይጣመማል። ምስማሮቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ሰክቶ ማስቀመጥም ይበጃል፤ እያንዳንዱ ወደ ገዛ ቀዳዳው ሲመለስ አጥብቆ ይይዛልና። ለጀማሪ ግን እኔ የምመክረው በብሎን የተያያዘ፣ አካሉ ፕላስቲክ የሆነና ዋጋው ያልከበደ ሃርሞኒካ ነው።

ያውቁ ኖሯል? የሚነፉት ምላሶች ከውስጥ፣ የሚሳቡት ደግሞ ከውጭ ናቸው። የላይኛው ሰሌዳ አሥሩን የመንፊያ ምላሶች ወደ ጥርሳሙ አካል አዙሮ ይይዛቸዋል፤ የታችኛው ሰሌዳ ደግሞ አሥሩን የመሳቢያ ምላሶች ወደ ክዳኑ አዙሮ ይይዛቸዋል። ስለዚህ የመሳቢያውን ምላስ ክዳን በመክፈት ብቻ ያገኙታል፤ የመንፊያውን ለማግኘት ሰሌዳውንም መፍታት ይጠበቅብዎታል።

ሲያጸዱ እጅዎ ሁልጊዜ ከሪቬቱ ወደ ነፃው ጫፍ ይሂድ። በተቃራኒው ከጠረጉ የጨርቁ ክር የምላሱን ጫፍ ይዞ ያነሳዋል፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ የታጠፈ ምላስ ደግሞ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል። ጥርሳሙ አካል ከእንጨት ከሆነ ውሃ ውስጥ አይንከሩት። ውሃ የጠጣ እንጨት ያብጣል፤ ጥርሶቹም ወደ ውጭ ወጥተው ከንፈር ይልጣሉ።

ያውቁ ኖሯል? በዋሽንት የድምፁን ቅጥነት የሚወስነው በቱቦው ውስጥ ያለው የአየር ርዝመት ሲሆን በሃርሞኒካ ግን ምላሱ ራሱ ነው። በዶ በተቃኘ ሃርሞኒካ ላይ የ1ኛው ቀዳዳ የመንፊያ ምላስ በሰከንድ 262 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የ10ኛው ቀዳዳ ደግሞ 2,093 ጊዜ ያህል። እስትንፋስዎ ምላሱን ወደ ስንጥቁ ይገፋዋል፤ ምላሱ መንገዱን ሲዘጋ አየሩ ይቋረጣል፤ በራሱ ተለጣጭነት ሲመለስ ደግሞ ይከፍተዋል። ጆሯችን ድምፅ ብሎ የሚሰማው ይህን የአየር መቆራረጥ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከፋብሪካ የመጣን ሃርሞኒካ ያለ ምንም ሞረድ፣ በስቴኪኒ ብቻ ሌላ መሣሪያ እስኪመስል ድረስ ማሻሻል ይቻላል። ምስጢሩ የምላሱ ነፃ ጫፍ ከሰሌዳው በላይ ከፍ ያለበት ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከጠበበ በጠንካራ እስትንፋስ ጊዜ ምላሱ ስንጥቁ ላይ ይዘጋና ድምፁ ይታፈናል። ከሰፋ ደግሞ ብዙ አየር ይበላል፤ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፤ ተጫዋቹም ቶሎ ይደክመዋል። ለመነሻ የሚሆነው ልክ ክፍተቱ ከምላሱ ጫፍ ውፍረት ጋር ተቀራራቢ መሆኑ ነው። ለወፍራም ድምፆች ሰፋ፣ ለቀጫጭኖቹ ጠበብ ይላል።

ይህን ለማስተካከል ምላሱን ጫፉ ላይ ብቻ አይጫኑት፤ ጫፉ ብቻ ይጎብጥና መሃሉ እንደነበረ ይቀራል። ስቴኪኒውን ወደ ሪቬቱ ጠጋ አድርገው ከሚፈልጉት ትንሽ አሳልፈው ይጫኑና ይልቀቁ፤ ምላሱ ከፊሉን መንገድ ይመለሳል። ከዚያ ይንፉ። እንደገና ይሞክሩ። ዝቅ ያለውን ለማንሳት በስንጥቁ ተቃራኒ ወገን በኩል መግፋት ነው። አንድ ክፍተት ለሁሉም ሰው አይሆንም። በኃይል የሚነፋ ሰው ሰፋ ያለ ይፈልጋል፤ በለስላሳ እስትንፋስ የሚጫወት ጠባቡን ይወዳል። ፋብሪካው የእርስዎን ሳንባ አያውቅም፤ ለዚህም ነው ይህ ሥራ የተጫዋቹ የራሱ መሆን አለበት ብዬ የማምነው።

አሜሪካዊው ተጫዋች ሃዋርድ ሌቪ በ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ ባለ 10 ቀዳዳው ሃርሞኒካ ላይ በፋብሪካ ያልተሰጡትን ድምፆች በልዩ አነፋፍ ማውጣት ችሎ መሣሪያውን 12ቱንም ድምፆች የሚጫወት አድርጎታል። ይህ አነፋፍ የሚሠራው ክፍተቶቹ በጥንቃቄ ሲጠቡ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ምላሱ እየጮኸ ከድምፁ ጋር የብረት ጥዝጥዝታ ካሰማ፣ ጎኑ የስንጥቁን ጠርዝ እየነካ ነው ማለት ነው። ሰሌዳውን ወደ መብራት አቅንተው ያዩታል፤ በምላሱ ግራና ቀኝ እኩል የብርሃን መስመር መታየት አለበት። ብርሃኑ በአንድ ወገን ከጠፋ፣ ምላሱን ሪቬቱ አጠገብ በጥቂቱ ወደ ሌላው ወገን መግፋት በቂ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ለመቃኘት ማወቅ ያለብዎት ሕግ አንድ ነው። ከነፃው ጫፍ ጥቂት ናስ ከተፋቀ ምላሱ ይቀላል፤ ፈጥኖ ይርገበገባል፤ ድምፁ ይቀጥናል። ሪቬቱ አጠገብ ከተፋቀ ግን ምላሱ ይለሰልሳል፤ ቀስ ብሎ ይርገበገባል፤ ድምፁም ይወፍራል። ጫፉ ላይ ክብደት መጨመርም ያወፍራል። ሸንግ በሚባለው ጥንታዊ የቻይና መሣሪያ፣ እሱም ነፃ ምላሶች ያሉት ነው፣ ምላሶቹን የሚቃኟቸው ጫፋቸው ላይ ሰም ጠብ በማድረግ ነው።

ፍቀት ስንል መፋቅ እንጂ መከርከም አይደለም። ስሱን ወረቀት በምላሱና በሰሌዳው መካከል አስገብተው ምላሱን ያስደግፉት። ሞረዱ በምላሱ ርዝመት አቅጣጫ ይሂድ፤ አግድም የተጫረ ጭረት ኋላ የንቃቃት መነሻ ይሆናል። ሁለት ሦስት ጊዜ ጫር አድርገው ያቁሙ፤ ብናኙን ይጥረጉ፤ ይንፉ፤ ይለኩ። ሪቬቱ አጠገብ ሲሠሩ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው፤ የምላሱ ጭንቀት ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነውና።

ያውቁ ኖሯል? በጣት የተነካ ምላስ ይዋሻል። ናስ ሲሞቅ ድምፁ በጥቂቱ ይወፍራል፤ ስለዚህ እንደፋቁ ወዲያው የሚለኩት ቁጥር የመጨረሻው አይደለም። ይቀዝቅዝ። በማግስቱም እንደገና ይለኩ፤ አዲስ የተፋቀ ምላስ እስኪረጋ ድረስ በጥቂቱ ይንሸራተታል።

ያውቁ ኖሯል? ሁለት ምላሶች እኩል መቃኘታቸውን ያለ ቲዩነር፣ በጆሮ ብቻ መለየት ይቻላል። አንዱ በሰከንድ 440፣ ሌላው 442 ጊዜ ቢርገበገቡ አብረው ሲጮኹ ድምፁ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማል። ማዕበሉ እየዘገየ ሄዶ ሲጠፋ ተገናኝተዋል። 1ኛንና 4ኛን ቀዳዳ፣ የመካከሎቹን በምላስዎ ሸፍነው፣ አብረው ቢነፉ ሁለቱ ዶዎች መስማማታቸውን በዚህ መንገድ ይፈትኗቸዋል። ለኔ ከማንኛውም አፕሊኬሽን ይልቅ የሚታመነው ይህ ነው።

ታዲያ ቲዩነርን በጭፍን ማመን ብዙ ጥሩ ሃርሞኒካዎችን አበላሽቷል። ጉዳዩ እንዲህ ነው። ቲዩነሩ የሚለካው በፒያኖ ሚዛን ሲሆን፣ በዚያ ሚዛን በሁለት አጎራባች ድምፆች መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንት ይባላል። ብዙ ሃርሞኒካ ሠሪዎች ግን ሦስት ቀዳዳ አብሮ ሲነፋ ድምፁ ያለ ማዕበል እንዲዋሃድ ሲሉ ሚን ሆን ብለው ከፒያኖው ልክ እስከ 14 ሴንት ያወፍሩታል። በድሮዎቹ ማሪን ባንዶች የ5ኛው ቀዳዳ መሳቢያ ፋ ወደ 30 ሴንት ያህል ይወፍር ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ሁሉን ወደ ዜሮ ሲያመጣ፣ ነጠላ ድምፁ ይስተካከላል፣ ኅብሩ ግን ይሻክራል። በሌላ ወገን ሊ ኦስካር የተባለው በዴንማርክ የተወለደ ተጫዋች በስሙ የሚያሠራቸው ሃርሞኒካዎች ዜማ ለሚያስቀድም ሰው ስለታሰቡ ከፒያኖው ሚዛን ጋር የተቃኙ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የገዙትን ሃርሞኒካ ሁሉንም 20 ድምፆች ለክተው በወረቀት ይመዝግቡ። ሠሪው ምን አስቦ እንደቃኘው የሚነግርዎ ያ ወረቀት ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ላን በሰከንድ ከ440 ትንሽ አሳልፈው፣ 442 አካባቢ እንደሚቃኙም ያስታውሱ፤ በኃይል ሲጫወቱ ድምፁ ስለሚወፍር ነው።

ያውቁ ኖሯል? ምላስ ከመሰበሩ በፊት ያስጠነቅቃል። ሺህ ጊዜ ሺህ የታጠፈ ናስ ይደክማል፤ ሪቬቱ አጠገብ ለዓይን የማይታይ ንቃቃት ይፈጠራል፤ ያ ድምፅም ከሌሎቹ ተለይቶ መወፈር ይጀምራል። ቃኝተውት በሳምንቱ እንደገና ከወፈረ ምላሱ ሞቷል፤ መፋቅዎን ያቁሙ። ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሄዱት በመሳብ የሚጎተቱት የ4ኛና የ5ኛ ቀዳዳ ምላሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1847 ክሊንገንታል ከተማ ውስጥ የተመሠረተው ሌላው የጀርመን ሠሪ ዛይድል ለዚህ መፍትሔ ብሎ የማይዝግ ብረት ምላስ ይሠራል። ከናስ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ለሞረድ ግን እጁን በቀላሉ አይሰጥም።

ያውቁ ኖሯል? ሃርሞኒካ ሕዋ ላይ ከተጫወቱባቸው የመጀመሪያዎቹ የሙዚቃ መሣሪያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1965 ጠፈርተኛው ዋሊ ሺራ በጀሚኒ 6 መንኮራኩር ውስጥ ሆኖ የገና ዜማ ነፋበት። መሣሪያው 4 ቀዳዳና 8 ምላስ ብቻ የነበረው፣ ከጣት የሚያጥር ሃርሞኒካ ነበር። የሠራውም ሆነር ነው። የዚህ ኩባንያ መሥራች ማቲያስ ሆነር ሰዓት ሠሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1857 ደቡብ ጀርመን በምትገኘው ትሮሲንገን ሲጀምር በዓመቱ የሠራው 650 ሃርሞኒካ ነበር።

አሁን ወደ ልቤ ቅርብ ወደሆነው ልምጣ።

ያውቁ ኖሯል? በዶ የተቃኘ ሃርሞኒካ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሦስቱን፣ ምንም ሳይነካ፣ በሆዱ ይዟል። በእርግጥ ማሲንቆና ክራር በፒያኖ ሚዛን አይታሰሩም፤ እዚህ የምለው ቅኝቶቹ በኖታ ሲጻፉ በተለመደው መልካቸው ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ 4 ነፍተው፣ 4 ስበው፣ 5 ነፍተው፣ 6 ነፍተው፣ 6 ስበው፣ 7 ሲነፉ ቤትዎ ደረሱ። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ 4 ይንፉ፣ 5 ይንፉ፣ 5 ይሳቡ፣ 6 ይንፉ፣ 7 ይሳቡ፣ 7 ይንፉ። አምባሰልን ደግሞ ከሚ ይነሱበት፤ 5 ነፍተው ሚ፣ 5 ስበው ፋ፣ 6 ስበው ላ፣ 7 ስበው ሲ፣ 7 ነፍተው ዶ፣ 8 ነፍተው ሚ።

ችግሩ ከታች ነው። በወፍራሞቹ ቀዳዳዎች ላ የለም። የ3ኛው ቀዳዳ መሳቢያ ሲን ጎትቶ ወደ ላ ማውረድ ይቻላል፤ ይህ ግን ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ነው ሞረዱ ውለታ የሚውለው። የ3ኛው ቀዳዳ መንፊያ ሶል ነው፤ የ2ኛው ቀዳዳ መሳቢያም ያው ሶል ነው። አንድ ድምፅ ሁለት ቦታ ተቀምጧል። ስለዚህ የ3ኛውን መንፊያ ጫፉን እየፋቁ በሰከንድ ከ392 ወደ 440 ቢያደርሱት ሶሉ ላ ይሆናል፤ ዜማውም ምንም አይጎድልበትም። ከዚያ ወዲያ 1 ነፍተው ዶ፣ 1 ስበው ሬ፣ 2 ነፍተው ሚ፣ 2 ስበው ሶል፣ 3 ነፍተው ላ፣ 4 ነፍተው ዶ፤ ትዝታ ከታችም ሙሉ ሆነ። ይህን ለውጥ ያስተዋወቀው ኒውዚላንዳዊው ብሬንዳን ፓወር ነው፤ ለአየርላንድ ዜማዎች ብሎ ነበር ያሰበው። ለትዝታም እንዲህ ልክክ ማለቱ ሁልጊዜ ያስደስተኛል። የሚከፈልበት ዋጋ አለው፤ 1፣ 2 እና 3 አብረው ሲነፉ የነበረው ዶ፣ ሚ፣ ሶል ኅብር ይጠፋል። ትዝታ ለመጫወት ግን ያ ኅብር አይናፈቅም።

አንቺ ሆዬስ? አንቺ ሆዬ እንዳለ አይገኝም፤ አንድ ምላስ ይፈልጋል። የ6ኛውን ቀዳዳ መንፊያ ሶል በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በ100 ሴንት ብቻ ያቅጥኑት። ከዚያ ከሲ ይነሱ፤ 3 ይሳቡ፣ 4 ይንፉ፣ 5 ይንፉ፣ 5 ይሳቡ፣ 6 ይንፉ፣ 7 ይሳቡ። ለዚህ ሥራ ግን ለብቻው አንድ ርካሽ ሃርሞኒካ ይመድቡ፤ ያ ሶል ለትዝታና ለባቲ ያስፈልጋልና።

ያውቁ ኖሯል? ጥሩ ቅኝት በመጥፎ ገጠማ ይጠፋል። በሰሌዳውና በጥርሳሙ አካል መካከል አየር ካፈተለከ የትኛውም ምላስ ሰነፍ ይሆናል። ሲገጥሙ መጀመሪያ የላይኛው ሰሌዳ የመንፊያ ምላሶች ወደ ውስጥ፣ የታችኛው የመሳቢያ ምላሶች ወደ ውጭ መዞራቸውን፣ ረጃጅሞቹም በ1ኛው ቀዳዳ በኩል፣ በግራ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ብሎኖቹን ሁሉንም በጣት ያህል ካስያዙ በኋላ ከመሃል ጀምረው ወደ ዳርና ዳር እየተቀያየሩ ያጥብቁ። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ወደ ሌላው ማጥበቅ ሰሌዳውን ያጎብጠዋል። ከመጠን በላይም አያጥብቁ፤ የናስ ጥርስ ቶሎ ይበላል። ከዚያ ክዳኑን ሳያለብሱ 20ዎቹንም ድምፆች አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ የተገኘ ስህተት ሥራውን ሁሉ ከመጀመሪያ ያስጀምራል። በመጨረሻ ቁጥር የተጻፈበት ክዳን ከላይ ይሁን።

ከተጫወቱ በኋላ ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርገው መዳፍዎ ላይ መታ መታ ያድርጉት፤ እርጥበቱ ይውጣ። ብርድ በሆነ ጠዋትም ከመንፋትዎ በፊት በእጅዎ ያሙቁት፤ የእስትንፋስ ተን በቀዝቃዛ ምላስ ላይ ውሃ ሆኖ ያርፋልና።

አንድ ምላሱ የሞተበትን ሃርሞኒካም አይጣሉት። በውስጡ 19 ጤነኛ ምላሶች ቀርተዋል፤ ብሎኖቹ፣ ክዳኖቹና ጥርሳሙ አካል ለሌላ ተመሳሳይ መሣሪያ መለዋወጫ ይሆናሉ። አንዳንድ ሠሪዎች፣ ሊ ኦስካርን ጨምሮ፣ ሰሌዳዎቹን ብቻ ለይተው ይሸጣሉ። መሞረድ መለማመድ ለሚፈልግ ሰውም ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም። ስለዚህ እባክዎ ለጎረቤት ልጅ ወይም ለሚማር ሰው ይስጡት፤ ካቻቢቴውንም አብረው ያውሱት።